የደንቢያን የምርጫ ታሪክ በሰንጠረዥ ሳሰፍር ዓመቶቹ ተጋጩብኝ

ቆላ ድባ፦
ሰላም ወገኖች። ከንጉሡ ዘመን እስከ 2013 ድረስ ደንቢያን (ጎንደር ውስጥ ጣና ዳር ያለውን ወረዳ) ወክሎ ማን እንደተመረጠ በአንድ ሰንጠረዥ እየሰበሰብኩ ነው። መረጃው ከአማርኛም ከእንግሊዝኛም የተለቀመ ነው። 1957፣ 1961 እና 1965 ላይ ለአንድ ዓመት ሦስት አራት ስም ይመጣል። 1987 እና 1992 ላይ ደግሞ ማስረጃው ስለ ሁለት የማይገናኙ ምርጫዎች ነው የሚያወራው። በ1997 የክልል ምክር ቤቱ ድምፅ ሲደመር ከድምፅ ሰጪው ይበልጣል፤ ተጭበርብሯል ብዬ እንዳልጠረጥር በየጣቢያው እንደዚያው ነው። ስህተቱ የት ላይ ነው?

ባለ መዝገቡ፦
የዓመቱ ችግር ከዘመን አቆጣጠር ነው፤ ግን ተራ የ8 ዓመት ስህተት አይምሰልህ። የንጉሡ ፓርላማ ዘመን 4 ዓመት ነበር። 8 ዓመት ማለት ልክ ሁለት የምርጫ ዘመን ስለሆነ፣ አንዱ ቁጥር በእኛም በፈረንጅም የምርጫ ዓመት ሆኖ ቁጭ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ምርጫዎቹ 1950 (መስከረም ላይ ነው የተጀመረው)፣ 1953፣ 1957፣ 1961 እና 1965 ናቸው። እንግሊዝኛው 1957 ሲል የመጀመሪያውን ማለቱ ነው፤ የእኛ 1957 ሦስተኛው ነው። እንግሊዝኛው 1961 ሲል የእኛን 1953፣ 1965 ሲል የእኛን 1957 ነው።

ከዚያ በኋላም አልተሻለም። የፈረንጅ 1987 የደርግ ሸንጎ (የዚያን ጊዜው ብሔራዊ ምክር ቤት) የተመረጠበት ነው (ሰኔ 7 ቀን 1979)፤ የእኛ 1987 የመጀመሪያው የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ። የፈረንጅ 1992 የሽግግሩ የክልልና የወረዳ ምርጫ (ሰኔ 14 ቀን 1984)፤ የእኛ 1992 የግንቦት 6 አገር አቀፍ ምርጫ። 2000፣ 2005 እና 2013ም ወጥመድ ናቸው፤ በእኛ 2000 እና 2005 ሚያዝያ ላይ የተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎች እንጂ የፓርላማ አይደሉም።

ቀንና ወር የሌለውን ማስረጃ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። ወር ብቻ ካለው እንኳ ይለያል፦ ሚያዝያ 2005 ከሆነ የአካባቢ ነው፣ «ሜይ 2005» ከሆነ የእኛ ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። ሰኔ 14 ብቻ ካገኘህ ግን ተጠንቀቅ፤ የ1984ም የ2013ም ምርጫ ሰኔ 14 ነበር። የ1984ቱ እሑድ፣ የ2013ቱ ሰኞ ነው የዋለው።

ጣና ዳር፦
ባለ መዝገቡ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ በንጉሡ ጊዜ ለአንድ ዓመት ሁለት ስም ማግኘት ራሱ ስህተት አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድ የምርጫ ክልል ወደ 200,000 ሕዝብ ይይዛል፣ ሁለት ሁለት እንደራሴም ይመርጣል። አቆጣጠሩን አስተካክለህ ሁለት ስም ከቀረህ አንዱን አትሰርዝ። አራት ከሆነ ነው ሁለት ምርጫ የተደባለቀው።

ሌላው፣ ያን ጊዜ «ደንቢያ» ብቻውን የምርጫ ክልል ነበር ብለህ አትነሳ። ደንቢያ ያለበት ጠቅላይ ግዛት፣ በጌምድርና ስሜን፣ በአውራጃ ነበር የተከፈለው፤ 200,000 ሕዝብ ደግሞ ከአንድ ወረዳ በላይ ነው። ስለዚህ የንጉሡን ዘመን፣ የሸንጎውንና ከ1987 ወዲህ ያለውን በሦስት የተለያየ ሰንጠረዥ አድርጋቸው። አንድ ተከታታይ መስመር አድርጎ «ይህ ወንበር ከእገሌ ወደ እገሌ ተላለፈ» ማለት ውሸት ይሆናል። በሸንጎው 835 መቀመጫ ነበር፣ ዕጩዎቹ በኢሠፓ (በብቸኛው ገዢ ፓርቲ) እና በብዙኃን ማኅበራት የተጠቆሙ ነበሩ፤ እዚያ «የፓርቲ» ዓምድ መክፈት ትርጉም የለውም። በንጉሡም ጊዜ ፓርቲ አልነበረም።

ማዕረግም ያሳስታል። ግራዝማች ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ቀኛዝማች ሊሆን ይችላል። በስሙና በአባቱ ስም ደርድር፣ ማዕረጉን ለብቻው ዓምድ ስጠው።

ወገራ፦
የ1997ቱ ድምር ትክክል ነው፣ አትንካው። ለተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል የሚመረጠው አንድ ሰው ነው። ለክልል ምክር ቤት ግን ያው የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ይልካል፤ አማራ ክልል 138 የፓርላማ ወንበር ሲኖረው የክልሉ ምክር ቤት 294 ነው። መራጩ በክልሉ ወረቀት ላይ በወንበሩ ቁጥር ልክ ምልክት ያደርጋል። ሦስት ወንበር ካለ የድምፁ ድምር እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መቶኛ ማውጣት ከፈለግህ በድምሩ ሳይሆን ወረቀት በሰጠው ሰው ብዛት አካፍል።

የ2013ን የምርጫ ጣቢያ ቁጥርም ከ2002 እና 2007 ጋር አታወዳድር። ያኔ በነበረው የምርጫ ሕግ፣ በአዋጅ 532፣ ጣቢያው እስከ 1,000 መራጭ ነበር የሚመዘግበው፣ በ2013 ግን እስከ 1,500።

ቆላ ድባ፦
አመሰግናለሁ። ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ከተከፈለ በኋላ የምርጫ ክልሉ ወሰንም ተቀይሯል ልበል?

ጣና ዳር፦
አይደለም፣ ዞን ሌላ የምርጫ ክልል ሌላ ነው። ወሰኑን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ በሕዝብ ቆጠራና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ። ከ1999 ወዲህ ደግሞ ቆጠራ አልተካሄደም። የዞኑን ስም በሰንጠረዡ ላይ የምትጽፍ ከሆነ «ማዕከላዊ ጎንደር» የሚለውን ለ2013 ብቻ ጻፍ፤ ለ1997 «ሰሜን ጎንደር» ነው።