ብሊክሎ ወይስ ሎንግደንዴል፦ የነሐሴው ጉዞ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጉዞ ሐሳብ አንድ ገጽ ሆኖ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። እስካሁን 34 ሰው ተመዝግቧል፤ 11 ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 4 አባቶችና እናቶች ይገኙበታል። ቀኑ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ከማንችስተር ፒካዲሊ እስከ ሃድፊልድ በባቡር መሄዱም ተቆርጧል። የቀረው ከሃድፊልድ በኋላ ያለው ነው፦ ፔናይን ዌይ በሚባለው የእግር መንገድ ወደ ብሊክሎ ተራራ አናት እንውጣ ወይስ በሎንግደንዴል ትሬል እስከ ውድሄድ ዋሻዎች በብስክሌት እንሂድ? መንገዶቹን የምታውቁ ርቀት፣ ሰዓትና ዕቃ ጻፉ። «ደስ ይላል» እና «ይከብዳል» ለጉባኤ አይቀርብም። ሰዓት በባቡሩ አቆጣጠር ይሁን፤ 10፡00 ማለት በእኛ አራት ሰዓት ነው።

የእግር ጉዞ ዘርፍ

ብሊክሎ 633 ሜትር ነው። ከፍታው ለአገራችን ሰው ምንም አይደለም፤ ፈተናው መሬቱ ነው። ሽቅቡ ከሚጀምርበት ከቶርሳይድ (ከሃድፊልድ በትሬሉ 4 ኪሎ ሜትር ያህል) እስከ አናቱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሽቅቡ 430 ሜትር ገደማ ነው። በተለመደው ስሌት (በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት) አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይበቃል። በቡድንና በእርጥብ መሬት ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ።

መጀመሪያ እስከ ክላፍ ኤጅ ድረስ ድንጋያማ አቀበት ነው። ከዚያ በቶርሳይድ ክላፍ ሸለቆ ጠርዝ ላይ የሚሄድ ጠባብ መንገድ ይመጣል፤ አንዱ ጎን ገደል ስለሆነ የልጅ እጅ አይለቀቅም። ቀጥሎ ዋይልድቦር ግሬን የሚባለውን ጅረት ተከትለን ፒቱ ውስጥ እንገባለን። ፒት ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከሁለት ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ማጡ የሚለየው በበቀለበት ነው። ወይን ጠጅ አበባ ያለው ሄዘር የበቀለበት መሬት ሰው ይሸከማል። ጫፉ ላይ ነጭ ጥጥ የያዘ ሣር ካያችሁ እግራችሁ ይርሳል ማለት ነው። ለዓይን የሚያምረው ስፋግነም የሚባል ደማቅ አረንጓዴ የረግረግ ዕፅ ግን ከሥሩ ውሃ ነው፤ አይረገጥም። ምንም ያልበቀለበት ጥቁር ፒት ሲደርቅ ይረገጣል፣ ከዝናብ በኋላ ግን እስከ ጉልበት ይውጣል።

እግር ሲያዝ ሰው በደመ ነፍስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይጎትታል። ያኔ ጭቃው ጫማውን መጦ ያስቀረዋል፣ ክብደቱ ያረፈበት ሌላው እግርም ይሰምጣል። የሚሻለው ወደ ኋላ ቁጭ ማለት፣ ተረከዝን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ውሃ ወደ ጫማው ዙሪያ ሲገባ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። በትሩን አግድም አስተኝቶ መደገፍ ይረዳል። ቦቲ ለዚህ አይሆንም፤ ማሰሪያ ስለሌለው እግር ሲወጣ እሱ እዚያው ይቀራል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡት፣ በላዩ ጌተር (ቅልጥም የሚሸፍን)፣ የሱፍ ካልሲ ከነቅያሪው ያስፈልጋል። ጂንስ ከረጠበ አይደርቅም፣ ነፋስ ሲመታውም ሰውነት ያቀዘቅዛል።

አናቱ ሜዳ ነው፤ ጭጋግ ከወረደ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ይሆናል። ሁለት መሪ፣ ሁለት ኮምፓስ፣ ኦኤል1 የሚባለው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ የግድ ነው። ስልክ ሸለቆው ውስጥ አይታመንም።

የብስክሌት ዘርፍ

ሎንግደንዴል ትሬል ከማንችስተር ወደ ሼፊልድ ይሄድ የነበረው የባቡር መስመር ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1981 ተዘጋ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በ1992 ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለፈረስ ተከፈተ። ከሃድፊልድ ጣቢያ አጠገብ ተነስቶ እስከ ውድሄድ 10.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 21። ለባቡር የተሠራ ዳገት ስለሆነ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ይወጣል። በግራ በኩል የውሃ ግድቦቹ ተከታትለው ይታያሉ። መጨረሻው ላይ የዋሻዎቹ አፍ አለ፤ የመጀመሪያው በ1845 የተከፈተ ነው። ሁሉም ዝግ ናቸው፣ ከውጭ ብቻ ይታያሉ።

«መመለሻው ቁልቁል ነው» ብላችሁ ጉልበታችሁን በመሄጃው አትጨርሱ። እዚያ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚመጣ በመሄጃው ከኋላ ይገፋችኋል፣ በመመለሻው ፊታችሁን ይመታችኋል። ልጆች የሚደክሙት ያኔ ነው።

ወለሉ የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ቀጭን የአስፋልት ጎማ ይንሸራተታል። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ንፋሱ ለአዋቂ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሁን። ለየስምንቱ ብስክሌት ሁለት መንፊያ፣ በየመጠኑ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ (የልጆቹ 20 ኢንች እንዳይረሳ)፣ ሦስት የፕላስቲክ የጎማ ማውጫ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ቁልፍ፣ የካቴና መጋጠሚያ። ጎማ ሲተነፍስ አዲስ ከመነዳሪ ከመግባቱ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፤ እሾሁ ወይም ጠጠሩ እዚያው ካለ አዲሱም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይተነፍሳል።

ትልቁ እንቅፋት ባቡሩ ነው። በአንድ ባቡር የሚፈቀደው ሁለት ብስክሌት ብቻ ነው፣ ያም ሰው ካልበዛ። የእኛ 18 ነው። ስለዚህ ቫን ግድ ይላል።

የቤተሰብ ዘርፍ

ጋሼ፣ ስለ ማጡ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ግን የስድስት ዓመት ልጅ «እስከ ጉልበት» የሚሉት ጋ ሲደርስ እስከ ወገቡ ነው። ለአራቱ ትልልቆቻችንም ያ አቀበት አይሆንም። ሁሉም ብስክሌት አይነዳም የሚለውም ይታሰብ፤ ቢያንስ 12 ሰው በእግሩ ነው። ሌላው፣ እትዬዎቹ ጀበናና ከሰል ይዘው ሊመጡ ነው። ሽርሽር ያለ ቡና እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ይፈቀዳል?

የእግር ጉዞ ዘርፍ

እቴ፣ ከሰሉ በፍጹም አይሆንም። በዚያ ክፍት መሬት ላይ እሳት ማንደድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም አለው። ፒት ራሱ ማገዶ ነው። አንዴ ከተያያዘ ወደ ውስጥ ገብቶ ከላይ ሳይታይ ለቀናት ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሳድልወርዝ ሙር ሲቃጠል እሳት አደጋ ብቻውን ስላልቻለው ወታደር ተጠርቷል። ቡናው ቤት ይፈላና በሁለት ሁለት ሊትር ቴርሞስ ይምጣ፤ ቴርሞሱ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ይሙቅ። ዳቦ ቆሎውና ጭኮው ይምጣ፤ ፋንድሻውን ነፋስ ስለሚበትነው ቤት ተዉት።

የወጣቶች ተወካይ

ለምን አንከፈልም? ብስክሌቱ ወደ ውድሄድ፣ እግረኛው ወደ ብሊክሎ፣ ማታ ሃድፊልድ እንገናኝ።

የብስክሌት ዘርፍ

ወንድሜ፣ ሰዓቱን ደምረው። ሁላችንም 10፡00 ሃድፊልድ ደረስን እንበል። ከልጆች ጋር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ምሳና ዕረፍት ጨምሮ 14፡00 ላይ ተመልሰናል። እግረኛው ቶርሳይድ ለመድረስ ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል አለበት፦ 11፡15። አናቱ 13፡45፣ ምሳ ግማሽ ሰዓት፣ መውረድ ሁለት ሰዓት፣ እንደገና ወደ ጣቢያው። 17፡30 ሆነ። ልጆቹ ሦስት ሰዓት ተኩል ጣቢያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ወይም ቀድመው ይሄዳሉ። ያ ደግሞ ሁለት ጉዞ ነው እንጂ የማኅበር ጉዞ አይባልም። ብስክሌት ይዞ ወደ ብሊክሎ መውጣትም አይቻልም፤ በዚያ በኩል ፔናይን ዌይ የእግር መንገድ ነው።

የወጣቶች ተወካይ

እሺ፣ እግረኛው ክላፍ ኤጅ ደርሶ ቢመለስስ?

የእግር ጉዞ ዘርፍ

ይቻላል፤ ግን ረግረጉን አያያችሁም። እስከዚያ ያለው ድንጋይና ዳገት ነው፣ ፒቱ ከዚያ በላይ ነው የሚጀምረው። ለእይታ ግን ጥሩ ነው፤ ግድቦቹ ከላይ ሲታዩ ያምራሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም 34 ሰው ወደ ብሊክሎ ይውጣ ብዬ ድምፅ አልሰጥም። በሰዎቹ ብቻ አይደለም። የማንችስተርና አካባቢዋ ፋብሪካዎች ጭስ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ስፋግነሙን ሲገድል፣ ቃጠሎና የበግ ግጦሽ ሲጨመርበት መሬቱ ራቁቱን ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሙርስ ፎር ዘ ፊውቸር የተባለው ኅብረት ኖራ እየበተነ፣ ሣር እየዘራ፣ ቦዮቹን በድንጋይና በእንጨት እየገደበ፣ ስፋግነም በእጅ እየተከለ መልሶታል። 34 ሰው ጭቃ ሸሽቶ በየጎኑ ሲረግጥ የሚደመሰሰው ይኼ ነው። ብሊክሎ ለስምንት ሰው፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ፣ ቀኑ ረጅም ሲሆን።

የጤና ተጠሪ

ሦስት ነገር። በዝቅተኛው ተዳፋት ፈርን በሚባለው ተክል ውስጥ መዥገር አለ፤ ረጅም ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፣ ማታ የጉልበት እጥፋትና ብብት ይፈተሽ። የተጣበቀ መዥገር በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቅቤም ናፍጣም አይቀባም። ለአደጋ 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ ማውንቴን ሬስኪዩ (የተራራ ነፍስ አድን) ማለት ነው፤ አምቡላንስ ብቻ ከጠየቃችሁ ክላፍ ኤጅ ላይ መኪና አይደርስም። ስልክ ካልሠራ ስድስት ፉጨት፣ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት።

ቶርሳይድ ላይ ትሬሉ ቢ6105 የተባለውን የመኪና መንገድ ያቋርጣል፣ መኪኖቹም ይፈጥናሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሁለት አዋቂዎች ልጆቹን አስቁመው ከብስክሌት ያወርዱ። መኪና ለማስቆም ግን ሥልጣን የለንም፤ እጅ አይዘረጋም።

ጸሐፊ

ረቂቁ ይኸው፦

«ማኅበሩ በነሐሴ በሎንግደንዴል ትሬል አንድ ጉዞ ያደርጋል። ብስክሌተኞች እስከ ውድሄድ ሄደው ይመለሳሉ። እግረኞች እስከ ቶርሳይድ ይሄዳሉ፤ ከነሱ መካከል የሚፈልጉ፣ ከ10 ሰው ሳይበልጡና ከመሪ ጋር፣ ወደ ክላፍ ኤጅ ይወጣሉ። የትም ቢደርሱ 12፡30 ላይ ይመለሳሉ። ሁሉም 13፡30 ቶርሳይድ ላይ ተገናኝቶ ምሳ ይበላል፤ ቡናው በቴርሞስ ነው። ውሃ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል። እሳት አይነድም። የአየር ሁኔታው ሐሙስ ማታ በሜት ኦፊስ (በብሪታንያ የአየር ትንበያ ተቋም) የተራራ ትንበያ ይታያል፤ ኃይለኛ ነፋስ ወይም መብረቅ ከተተነበየ የክላፍ ኤጁ ይቀራል፣ ትሬሉ አይቀርም። ብሊክሎ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ወይም ሰኔ፣ ለስምንት ሰው፣ ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኖ ይያዛል።»

የጎደለ አለ?

የብስክሌት ዘርፍ

አዎ። ቫን ውስጥ የፊት ጎማ ስለሚፈታ፣ የቸርኬ ፍሬን ያላቸው ላይ የፍሬኑ ሽቦ ይላቀቃል። ሲገጠም ጎማውን መልሶ ሽቦውን መርሳት የተለመደ ነው፣ ልጅም ያለ ፊት ፍሬን ይነሳል። የዲስክ ፍሬን ደግሞ ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታው ከተጨመቀ ሸራው ይዘጋል፣ ጎማው አይገባም፤ መሃሉ ላይ የታጠፈ ካርቶን ይደረግ። እንዲህ ብላችሁ ጨምሩ፦ «ሃድፊልድ ላይ እያንዳንዱ ብስክሌት በሁለት ሰው ሳይፈተሽ አይነሳም፤ ፊትና ኋላ ፍሬን ተይዞ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጎማው ከዞረ ይመለሳል።» ለዚህ 30 ደቂቃ ያዙ፤ መነሻው 10፡30 ነው።

ሒሳብ ሹም

18 ብስክሌት በአንድ ረጅም ቫን አይገባም፤ ብርድ ልብስ በመሃል እየተደረገ 12 ቢገባ ነው። ስድስቱ በሁለት መኪና የኋላ ማንጠልጠያ ይምጡ። ማንጠልጠያው ታርጋና የኋላ መብራት ከሸፈነ ሌላ ታርጋና መብራት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ማንጠልጠያ ያላችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ። የቫኑን ኪራይ ከሦስት ቦታ አወዳድሬ እሑድ አቀርባለሁ።

ጸሐፊ

ሁለቱም ገብተዋል። ቫን የሚነዳው ሰው ስምና ምትኩ ብቻ ነው የቀረው።