በእንግሊዝኛ «ሃርድ» ላይ «ሊ» ሲጨመር ትርጉሙ ለምን ይገለበጣል?

ሄዋን፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ኩዊክ» ላይ «ሊ» ስንጨምር «በፍጥነት» ይሆናል፣ «ስሎው»ም እንደዚያው። ታዲያ የሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ቢባል ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? መዝገበ ቃላቱ «እምብዛም» ይላል፤ «ጠንካራ»ን ከ«እምብዛም» ጋር ምን አገናኛቸው?

ባለ ሰዋስው፦
እህቴ፣ ማመልከቻው ካልተላከ ቶሎ ይታረም፤ «ሥራ ላይ ብዙም አይደለሁም» እያለ ነው። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ዎርክ ሃርድ» ይበቃል።

ነገሩ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ነው። ያኔ ቅጽሉ «ሄአርድ»፣ ተውሳከ ግሱ «ሄአርደ» ነበር። የመጨረሻዋ ድምፅ በጊዜ ብዛት ተውጣ ስትቀር ሁለቱ አንድ መልክ ያዙ። «ፋስት»ም በዚሁ መንገድ ነው ያለ «ሊ» የቀረው። «ሊ» ያለው ቅርጽ ግን ለብቻው ሄደ፦ መጀመሪያ «በጭካኔ፣ በብርታት»፣ ቀጥሎ «በጭንቅ»፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ «እምብዛም»። በጭንቅ የሚሆን ነገር ላለመሆን ምን ቀረው?

ተርጓሚ፦
እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚጥለን ግን ሌላ ነው። «እምብዛም» አሉታዊ ግስ ካልተከተለው አይቆምም፤ «እምብዛም አይበላም» እንጂ «እምብዛም ይበላል» አንልም። «ሃርድሊ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዞታል። ስለዚህ «ሂ ሃርድሊ ኢትስ» ብሎ ማቆም ነው። «ሂ ደዝንት ሃርድሊ ኢት» በአንዳንድ ዘዬዎች ቢሰማም ፈተና ላይ ነጥብ ያስቆርጣል። እንደኛ «አይደል?» መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ማረጋገጫ ጥያቄም «ደዝ ሂ?» ነው፣ «ደዝንት ሂ?» አይደለም። ረዳት ግስ ካለ ከእሱ ቀጥሎ ይገባል፦ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ»።

ስትተረጉሙ ደግሞ «እምብዛም»ን ሁሉም ቦታ አትለጥፉ። «ሃርድሊ ኤቨር» ከስንት አንዴ ነው። «ዜር ኢዝ ሃርድሊ ኤኒ ሹገር» ሲሉ ስኳሩ አልቋል ማለት ይቻላል። «ዛትስ ሃርድሊ ሰርፕራይዚንግ» ደግሞ ከ«ይሄማ ምን ይገርማል!» የተሻለ አማርኛ የለውም።

ሄዋን፦
አመሰግናለሁ። «ሃርድሊ ሃድ ሺ ሳት ዳውን…» ከሚለው በኋላ የሚመጣው «ዛን» ነው «ዌን»?

ባለ ሰዋስው፦
«ዌን»። «ዛን» የ«ኖ ሱነር» ጓደኛ ነው፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ብዙ ነው። «ሃርድሊ» ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት «ሃድ» ከባለቤቱ መቅደሙንም አትርሺ። «ሃርድሊ ሃድ ሺ ሳት ዳውን ዌን ዘ ፎን ራንግ»፣ በእኛ «ገና ከመቀመጧ ስልኩ ጮኸ»።

ተርጓሚ፦
«ሌትሊ»ም እንዳያታልልሽ። አርፍዶ ለመጣ ሰው «ሂ ኬም ሌት» ነው የሚባለው፤ «ሌትሊ» ሰሞኑን ማለት ነው።