ኦድስ ሬሾ 2.43 ሲመጣ «እድሉ 2.43 እጥፍ ነው» ማለት ይቻላል?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለባቸውን 200 ቤቶች በእግሬ ዞሬ መጠይቅ አስሞልቻለሁ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ላይኛው ፎቅ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ሁሉም ያጠራቅማል። የውሃው ዕቃ ክዳን አለው ወይ? ልጁ ባለፉት 2 ሳምንታት ተቅማጥ ይዞት ነበር ወይ? ዋናዎቹ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ክዳን ከሌላቸው 120 ቤቶች በ36ቱ ልጅ ታሟል። ክዳን ካላቸው 80 ቤቶች በ12ቱ። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (እንደ «ታሟል ወይስ አልታመመም» ላለ ሁለት መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ የሚሠራ ትንተና) ስሠራ ኦድስ ሬሾው 2.43 መጣ። «ክዳን በሌለበት ቤት ያለ ልጅ በተቅማጥ የመያዝ እድሉ 2.43 እጥፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ «የምኑ እጥፍ?» ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት፤ አልገባኝም።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት እያወራችኝ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ድክ ድክ እያለ መጥቶ ጣሳውን ከነእጁ ባልዲው ውስጥ ነከረ። ከዚያው ጠጣ። ተመልሼ ለነዚህ እናቶች የምነግራቸው ቁጥር ትክክል እንዲሆን እፈልጋለሁ። እባካችሁ አስረዱኝ።

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። የተሳሳተው ቃሉ ነው። በአማርኛ ፕሮባቢሊቲውንም፣ ሪስኩንም፣ ኦድሱንም «እድል» እያልን እንጠራቸዋለን። ተማሪዎቼም በየዓመቱ እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። ወረቀት አውጪና በእጅሽ ሥሪው።

ሪስክ የታመሙት ለጠቅላላው ሲካፈሉ ነው። 36 ለ120፣ 30 በመቶ። 12 ለ80፣ 15 በመቶ። ሬሾው ልክ 2 ነው።

ኦድስ ደግሞ የታመሙት ላልታመሙት ሲካፈሉ ነው። 36 ለ84። 12 ለ68። ሳታጠጋጊ አንዱን ለሌላው ስታካፍዪ 2.43 ይመጣል። አማካሪሽ «የምኑ?» ያለሽ ለዚህ ነው። የኦድሱ እንጂ የሪስኩ እጥፍ አይደለም።

በሽታው ብርቅ ቢሆን፣ ከመቶ ልጅ አንድ ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ቢሆን፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡ ነበር። ያንቺ ግን 30 በመቶ ነው። ኦድስ ሬሾውን እንደ ሪስክ ካነበብሽው ታጋንኚዋለሽ። ለእናቶቹማ ሬሾ አትንገሪያቸው። «ክዳን ከሌለበት ቤት ከመቶ ልጅ 30ው ታሟል፣ ካለበት ቤት 15ቱ» በያቸው። ወዲያው ይገባቸዋል።

የገላን ልጅ፦
እኔ ኦድ የማውቀው ከውርርድ ቤት ነው። እሱም ይኸው ነው እንዴ?

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ፦
አይደለም ወንድሜ። ውርርድ ቤት 2.43 ሲል፣ 100 ብር አስይዘህ ካሸነፍክ ከነመደብህ 243 ብር ትወስዳለህ ማለት ነው። 1ን ለ2.43 ስታካፍል 41 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቤቱ ትርፉን እዚያ ውስጥ ስለሚጨምር፣ እውነተኛው ከዚያ ያነሰ ነው ብለህ አስብ።

ዳታ ለቃሚ፦
የኔ እህት፣ ቤቶቹን እንዴት መረጥሻቸው?

የኮዬዋ፦
100 ከኮንዶሚኒየሙ፣ 100 ከጎን ካለው ነባር መንደር።

ዳታ ለቃሚ፦
እንግዲያው ክብደት ያስፈልግሻል፤ አንዱ ቤት ስንት ቤት እንደሚወክል የሚያሳይ ቁጥር ማለት ነው። ኮንዶሚኒየሙ 5,000 ቤት አለው እንበል፤ አንዱ ቤትሽ 50 ቤት ይወክላል። መንደሩ 500 ብቻ ካለው፣ አንዱ የሚወክለው 5 ነው። እኩል ከቆጠርሻቸው ለአካባቢው ሁሉ የምትሰጪው መቶኛ ወደ መንደሩ ያጋድላል። በፈረንጆቹ 2016 የተሠራው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም እንዲሁ ነው። ከ645 የቆጠራ ቦታዎች ነው የተሰበሰበው። እንደ ሐረሪ ያሉ ትንንሽ ክልሎች ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ናሙና ተወስዶባቸዋል። ክብደቱ የጥናቱ የዳታ ፋይል ውስጥ አለ፤ ለ1,000,000 አካፍሎ መጠቀም ነው።

ሌላው፣ የሪስክ ሬሾሽን የመተማመን ክልልም ጻፊ፤ እውነተኛው ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ያለ ክብደት፣ እንደ ተራ ናሙና ብሠራው በ95 በመቶ መተማመን ከ1.1 እስከ 3.6 ነው። ሰፊ ነው። ደግሞ የጠየቅሽው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጇ ከታመመ በኋላ ክዳን የገዛች እናት ትኖራለች። «ክዳኑ አዳነ» ለማለት ገና ነው።

የኮዬዋ፦
ተባረኩ። አረፍተ ነገሩን ቀይሬዋለሁ፤ «ኦድሱ 2.43 እጥፍ ሲሆን፣ የታመሙት 30 በመቶና 15 በመቶ ናቸው» ይላል። ቅዳሜ ከብሎክ ኮሚቴዎቹ የቤቶቹን ብዛት እጠይቃለሁ። የመንደሩን ግን ማንም የመዘገበው የለም፤ ቤት ለቤት ልቆጥር ነው። እናቶቹንም መቼ ክዳን እንደገዙ በዚያው እጠይቃቸዋለሁ።