የሆሜር "ኔዱሞስ" ላይ ቆሜ ቀረሁ

ሰላም ወንድም እህቶቼ፣ ጥንታዊ ግሪክ የምታውቁ ካላችሁ አንዴ እዩልኝ። የሆሜርን ረጅም ግጥም ኢሊያድን በግሪክኛው ቀስ እያልኩ እያነበብኩ ነው እና 2ኛው መጽሐፍ መስመር 2 ላይ የአማልክቱን አለቃ ዜኡስን እንቅልፍ አልወሰደውም የሚለው ጋ የእንቅልፉ ቅጽል "ኔዱሞስ" ነው፣ ዲክሽነሪው ጣፋጭ ይላል ግን ጣፋጭ "ሄዱስ" አይደል፣ "ን"ዋ ከየት መጣች? ያገኘሁት ማብራሪያ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ቃሉ ድሮ በ"ው" ድምፅ ይጀምር ነበር፣ "ኤኬ ዌዱሞስ" ("ኤኬ" ያዘው ማለት ነው)፣ "ው" ሲጠፋ በሁለቱ አናባቢዎች መሃል የመጣውን ክፍተት ለመሙላት ("ህ" በግጥሙ እንደ ተነባቢ አይቆጠርም) "ኤኬን ሄዱሞስ" ተባለ፣ ሰሚው ደግሞ "ን"ዋን ከቀደመው ቃል ነጥቆ ለተከታዩ ሰጣት (በቃል የሚዜም ግጥም ላይ የቃል ድንበር አይታይማ)። እስከዚህ ገብቶኛል።

16ኛው መጽሐፍ መስመር 454 ላይ ግን "ካይ ኔዱሞን" ይላል፣ "ካይ" ("እና" ማለት ነው) ደግሞ እንደ "ኤኬ" መጨረሻው ላይ "ን" አይጨመርበትም። የስንኙን ምጣኔ (የረጅምና አጭር ቀለሞቹን አሰላለፍ) በጣቴ እየቆጠርኩ ሞከርኩት፣ "ካይ" እዚህ ረጅም መሆን አለበት፣ ቀጥሎ "ሄዱሞን" ከመጣ አናባቢ ስለሚከተለው ያጥርና ስንኙ ይሰበራል፣ በ"ዌዱሞን" ግን ልክ ይመጣል። ታዲያ እዚህ ጋ ዘማሪው ራሱ ነው "ኔዱሞን" ያለው ወይስ እሱ "ዌዱሞን" ብሎ "ን"ዋን በኋላ ያስገቡት ጸሐፊዎች ናቸው?