ስቲሪንግ ዳምፐር በጋራ እንግዛ? የድሬ ሞተረኞች የዕቅድ ውይይት

የከዚራው
ሰላም ለሁላችሁም። ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። እኔ የማቀርበው ስቲሪንግ ዳምፐር፣ ማለትም መሪው ድንገት እንዳይራገፍ የሚይዝ ዕቃ፣ በጋራ ገዝተን በየሞተራችን እንድናስገጥም ነው።

ባለፈው ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው በደወሌ መንገድ ሽንሌን አለፍ ብዬ ስሄድ አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጥቶ ሲያልፈኝ ንፋሱ መታኝ፤ ወዲያው የፊት ጎማው ጉብታ ነካና መሪው በራሱ ጊዜ ግራ ቀኝ ይራገፍ ጀመር። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እጄ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ዳምፐሩ አንድ ጫፉ ከቴላዮው (ከሞተሩ አካል ብረት)፣ ሌላው ጫፉ ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ) ጋር ይታሰራል። ውስጡ ዘይት አለ። መሪውን ቀስ ብለህ ስታዞር ዘይቱ በጠባቧ ቀዳዳ ያልፋል፣ ብዙም አይከብድህም። መሪው ድንገት ሲመታ ግን ዘይቱ ቶሎ ማለፍ ስለማይችል ያዝ ያደርገዋል። ሁላችንም ብናስገጥም ደስ ይለኛል።

መካኒኩ፣ ገንደ ቆሬ
አቦ፣ እንኳን ተረፍክ! ግን ሐሳቡ እንዲህ እንዳለ ከቀረበ አልደግፍም። የሚንቀጠቀጥ መሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው መሪው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ነው። ሞተሩን ከሥር በክሪክ አንሳው፣ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። የፎርኩን ታች በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። "ቋ ቋ" ካለ ላልቷል። ከዚያ መሪውን በአንድ ጣት ቀስ አድርገህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው፤ መሀል ላይ ሲደርስ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ነገር ቆም ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ይቀየር። ቸርኬው ተጣሞ እንደሆነ፣ ጎማው አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ እንደሆነ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ ቡሽ ላልቶ እንደሆነም ይታይ። በላዩ ዳምፐር ካሰርክበት መንቀጥቀጡ ይደበቅልሃል እንጂ በሽታው አለ። እንዲያውም እስኪብስ ድረስ ሳታውቀው ትነዳለህ።

የሳቢያኗ
እኔ ዕቃ ነው የማመላልሰው። ከኋላ ትልቅ ሣጥን አስሬ፣ ያውም ወደ ጭራው ሳብ አድርጌ፣ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስደርስ መሪው ይርገበገብ ነበር። ኩሽኔታውም ጎማውም ደህና ነው ተባልኩ። በኋላ ሣጥኑን ወደ ፊት አስጠጋሁት፣ ከባዱን ዕቃ ከታች አደረግኩ፣ የጎማውን ንፋስ ፋብሪካው በጻፈው ልክ አስሞላሁ። ተወኝ። ስለዚህ ጭነትም ይጻፍ እባካችሁ። በጭነት የሚተዳደረው አባላችን ብዙ ነው።

የከዚራው
ዋሪያ፣ ትናንት ማታ ክሪክ ከሥር አግብቼ አየሁት። መሀል ላይ ቆም ይላል። ሳላየው ይሄን ያህል ጊዜ መንዳቴ በጣም አስደነገጠኝ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ፍተሻው ይቅደም።

የለገሃሩ
ታዲያ ፍተሻው ከበቃ ዳምፐሩን ለምን እንገዛለን? አብዛኞቻችን ከተማ ውስጥ ከከፊራ ሳቢያን ነው የምንመላለሰው።

መካኒኩ
ልክ ነህ፣ ለከተማ አያስፈልግም። ትንንሾቹ ሞተሮችም አያስፈልጋቸውም። እኔ የምለው በደወሌ መንገድ በፍጥነት ለሚሄዱት ብቻ ነው፤ ሜዳ ነው፣ ንፋስ አለ፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖም ጉብታ ሊያናውጥህ ይችላል፤ እዚያ ላይ ይረዳል።

ግን አገጣጠሙ እንዲህ ይጻፍ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ማሰሪያ ቦታዎች ምረጥ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረህ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ፣ ወደ ሌላውም ጥግ አዙረህ ለካ። ረጅሙ 31 ሴንቲ፣ አጭሩ 24 ሴንቲ ተኩል ቢሆን ልዩነቱ 65 ሚሊ ነው። 65 ሚሊ የሚሄድ ዳምፐር እንዳትገዛ! 75 ይሁን፣ በየጫፉ 5 ሚሊ ይትረፍ። መሪውን ማቆም ያለበት የቴላዮው ማቆሚያ ነው። ዳምፐሩ ቀድሞ ከጨረሰ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ማሰሪያውን ይነቅለዋል፣ ወይ መታጠፊያ ላይ መሪው አልዞር ይልሃል።

ቴላዮ ላይ ብየዳ አይሞከርም፣ በተለይ መሪው አንገት አካባቢ። ያለውን ቀዳዳ ተጠቅመን ማሰሪያውን ቶርኖ ቤት እናሠራለን። ፎርኩ ላይ የሚታሰረው ክብ ማሰሪያ ደግሞ የፎርኩን ውፍረት በካሊፐር ለክቶ ይገዛ። ከልክ በላይ ካጠበቅከው የፎርኩን ቱቦ ያጣምማል። ቦታውም ፎርኩ ሲወርድ የማይጋጭበት ይሁን። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነስተህ መሪውን ከጥግ ጥግ አዙር፤ ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጁ ካቦ ተወጥሯል፣ በዚያ ሁኔታ መንገድ አይወጣም።

ከሐረር
እኔ በደንገጎ በኩል ስለምመላለስ አንድ ነገር ልጨምር። የሚስተካከለውን ዓይነት ግዙ። ዳገቱ ላይ ያሉት ጠምዛዛ መታጠፊያዎች በዝግታ ነው የሚያዙት፣ እዚያ ዳምፐሩ ከጠበቀ መሪው ይከብድና ሞተሩ መስመሩን ይስታል። በጣም ለስላሳ ከሆነው ጀምሮ አንድ አንድ ቁጥር እየጨመሩ መሞከር ነው። የድሬን ሙቀትም አትርሱ። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ጠዋት ልክ የነበረው ቀትር ላይ ይላላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋም የዳምፐሩን ዘንግ ይጭረዋል፣ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒም ያፈስሳል፤ በየጊዜው በጨርቅ ይጠረግ።

ገንዘብ ያዧ
ከሁሉም መዋጮ አንጠይቅ። ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ዳምፐር ብቻ ይገዛ፣ በደወሌ መንገድ በሚመላለስ አንድ ሞተር ላይ ይገጠም፣ በሁለቱም መንገድ ይሞከር። ፍተሻው ግን ለሁሉም አባል በነፃ ይሁን፤ ኩሽኔታ መቀየር ያለበትና አሁን ገንዘብ ያልያዘ አባል ካለ ከሣጥኑ በብድር ይሰጠው። ይህ ለኔ ከዳምፐሩ ይበልጥብኛል። የምንዘረጋው እጅ መጀመሪያ ለዚህ ይሁን።

የሳቢያኗ
እደግፋለሁ። መሪው ሲራገፍ ምን እንደሚደረግም ይግባ። አዳዲሶቹ ልጆች የፊት ፍሬን ጨምቀው ነው የሚወድቁት።

የከዚራው
አስገብቼዋለሁ። የተስተካከለው ይሄ ነው፦

"ማኅበሩ በመጀመሪያ የአባላትን ሞተር መሪ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ቸርኬና የጭነት አስተሳሰር በነፃ ይፈትሻል። ኩሽኔታ መቀየር ለሚያስፈልገው አባል ብድር ይሰጣል። ከዚያ አንድ የሚስተካከል ዳምፐር ገዝቶ ፍተሻውን ባለፈ አንድ ሞተር ላይ፣ ያለ ብየዳ፣ ያስገጥማል። በደወሌና በደንገጎ መንገድ ከተሞከረ በኋላ ተጨማሪ መግዛት አለመግዛቱን ጠቅላላ ስብሰባው ይወስናል። መሪ ሲራገፍ ነዳጁን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ታንከሩን በጉልበት መያዝ፣ ክብደትን ወደ ፊት ማድረግ፣ መሪውን አለማነቅና የፊት ፍሬን አለመያዝ ለአባላት በተግባር ይታያል።"

የሚሞከረው ሞተር የኔ እንዲሆን አልፈልግም፣ ኩሽኔታዬ ገና አልተቀየረም።

መካኒኩ
አሁን ፈርሜበታለሁ። ያንተን እሁድ ጠዋት አምጣው፣ ፀሐዩ ሳይከር። ክሪኩን እኔ እይዛለሁ።