ቲቲፒያችንን ተማሪው ሁሉ ወዶታል፣ ግን እውነት እየሰራ መሆኑን በምን እንወቅ?

ጥያቄ፦ የህብረተሰብ ጤና መምህር

ሰላም ለሁላችሁም። የጤና ሳይንስ መምህራን እዚህ ስለምትበዙ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እኛ ግቢም ተመራቂ ተማሪዎችን ለቲቲፒ (የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ለሚሰለጥኑበት ፕሮግራም) ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን፣ ሜዲስን፣ ኤችኦ (ጤና መኮንን)፣ ነርሲንግ፣ ሚድዋይፍሪ፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ ኢንቫይሮመንታል ሄልዝ (የአካባቢ ጤና) ተደባልቀው ነው የሚወጡት። ሲመለሱ መጠይቅ እናስሞላቸዋለን፣ ውጤቱ ሁሌ ያው ነው፣ "በጣም ረክቻለሁ"። ግን ሱፐርቪዥን ወጥቼ የማየው ሌላ ነው፣ የሜዲስኑ ልጅ ኦፒዲ (ተመላላሽ ታካሚ ክፍል)፣ የፋርማሲዋ ልጅ መድሃኒት መስኮቱ ላይ፣ የላብራቶሪው ማይክሮስኮፑ ላይ፣ አንድ ላይ የሚሆኑት ምሳ ሲበሉና የመጨረሻውን ሪፖርት ሲጽፉ ነው፣ እሱንም አንዱ ይጽፈውና ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። አሁን የካሪኩለም ሪቪው ደርሷል፣ ዲናችንም ለውጥ ማምጣቱን በመረጃ አሳዩኝ ብለውናል፣ ልክ ናቸው። በጀት የለንም ማለት ይቻላል። ምኑን ልለካ? ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ሲስተር፣ የነርሲንግ መምህርት

መምህር ጥያቄህ የብዙዎቻችን ነው። እናንተ እየለካችሁ ያላችሁት የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነት ትምህርት ሰዎች የሚጠቀሙበት የኪርክፓትሪክ ደረጃ አለ፣ ለሙያዎች የጋራ ትምህርት ሲስተካከል ስድስት ሆኗል፦ ተማሪው ወደደው ወይ፣ ስለሌላው ሙያ ያለው አመለካከት ተቀየረ ወይ፣ እውቀትና ክህሎት አገኘ ወይ፣ ስራ ላይ ባህሪው ተለወጠ ወይ፣ የተቋሙ አሰራር ተለወጠ ወይ፣ በመጨረሻም ታካሚው ተጠቀመ ወይ። እርካታው ላይ ቆማችሁ ፕሮግራሙ ሰርቷል ማለት አትችሉም። የታካሚ ውጤት ላይ ልዝለል ካልክ ደግሞ በጥቂት ሳምንት አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የእናቶች ሞት ቀነሰ አልቀነሰ ብለህ መናገር አይሆንም። እኔ ብሆን ጉልበቴን አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው የማደርገው፣ ባህሪና የጤና ጣቢያው አሰራር። በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ሌላው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለሙያዎች የጋራ ትምህርት ያወጣው ትርጉም ሁለትና ከዚያ በላይ ሙያዎች አንዱ ስለሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ እንዲሁም አብረው ሲማሩ ነው የሚለው። ያየኸውን በዚህ መዝነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የየራስን ስራ መስራት አይሞላውም። ስለዚህ መጠይቁን ከመቀየርህ በፊት ፕሮግራሙ በታሰበው መንገድ እየተካሄደ መሆኑን እይ። በሳምንት ስንት ሰዓት አንድ ታካሚ ወይ አንድ ችግር ላይ አብረው ይሰራሉ? ይሄን ሎግቡክ (ተማሪው የሰራውን የሚመዘግብበት ደብተር) ላይ አንድ አምድ ጨምረህ ማወቅ ትችላለህ።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ሲስተር ያሉት ላይ ልጨምር። እዚህ አሜሪካ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አክሬዲቴሽን እንዲያገኝ ተማሪዎቹን ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር ማሰልጠን ግዴታው ነው፣ እና ለአታችመንት የሚመጡልኝን ልጆች እኔም እገመግማለሁ። የምንመዝነው በአራት ነገር ነው፣ እሴትና ስነምግባር፣ የየሙያው ድርሻ፣ ኮሙኒኬሽን፣ የቡድን ስራ። እነዚህ መመዘኛዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥተው በ2016 እና በ2023 ታድሰዋል።

መጠይቅ ካልቀረ ግን ሪፕልስ (RIPLS) የሚባለውን፣ ለጋራ ትምህርት ዝግጁነትን የሚለካውን 19 ጥያቄ ያለው መጠይቅ፣ ለቅድመና ድህረ መለኪያ ብቻውን አትመኑት። ተማሪው ገና ሳይጀምር ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል፣ ለመጨመር ቦታ አይኖረውም። አይካስ (ICCAS) የሚባለው፣ ከሌላ ሙያ ጋር አብሮ የመስራት ብቃትን የሚለካው 20 ጥያቄ ያለው ይሻላል፣ እሱ መጨረሻ ላይ አንዴ ይሞላና "ከመውጣትህ በፊት እንዴት ነበርክ፣ አሁንስ" ብሎ ሁለቱንም ይጠይቃል። የማያውቀውን ነገር ተማሪው መጀመሪያ ላይ አውቃለሁ ብሎ ስለሚሞላ ነው ይሄ የሚጠቅመው። ያም ሆኖ ራሱ ስለራሱ የሚመሰክረው ስለሆነ ከምልከታ ጋር አያይዙት። ወደ አማርኛ ካመጣችሁትም መጀመሪያ ጥቂት ተማሪዎች ላይ ሞክሩት።

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ወረዳ ላይ የምሰራ

እኔ በቲቲፒ ያለፍኩ ነኝ፣ አሁን ደግሞ ተማሪ እቀበላለሁ። የኔ ሀሳብ አንድ ሙያ ብቻውን የማይፈታው ችግር ስጧቸው ነው። ምሳሌ ልንገርህ፣ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፣ ማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ውሎ ካደረ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ ለማቆም የሚሰጠው መድሃኒት እሱ ነው። ከስቶር እስከ ማዋለጃ ያለውን መንገድ የፋርማሲው ተማሪ ይከተለው፣ ሚድዋይፏ በአንድ ፈረቃ ስንት እንደሚያስፈልግ ትንገረው፣ ኤችኦው መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን እንደሚሆን ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ይነጋገር፣ አንድ ላይ አሰራር ያውጡ። ከዚያ እናንተ ከሶስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ የሙቀት መመዝገቢያው ይሞላል ወይ፣ የኦክሲቶሲኑ ብልቃጥ የት ነው የሚቀመጠው ብላችሁ እዩ። ይሄውልህ ሲስተር ያሉት አምስተኛው ደረጃ፣ ብር አይጠይቅም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጤና መኮንን የኦክሲቶሲኑን ነገር ወስጃለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፣ በአንድ ዙር የሚወጣው ተማሪ ጥቂት ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለኝም። ግሬዱስ? አሁን እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ለየራሱ ተማሪ ነው የሚሰጠው።

መልስ፦ የስታቲስቲክስ ሰው

ማነጻጸሪያማ አለህ፣ በዙር ነው የምትልኳቸው አይደል? ሁለተኛው ዙር ሳይወጣ አንደኛው ከተመለሰ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ፈትናቸው። አጭር ሲሙሌሽን (የማስመሰል ልምምድ) አድርግ፣ ደም የሚፈሳት እናት፣ ቡድኑ ገብቶ ይስራ፣ ሁለት መምህራን ለየብቻቸው በቼክሊስት ይሙሉ፣ ማን ምን እንደሚሰራ ተነጋገሩ ወይ፣ ትዕዛዙን የተቀበለው መልሶ ደገመው ወይ፣ ሐኪሙ ሲሳሳት የሚናገር ነበር ወይ። የሚያዩት መምህራን የትኛው ቡድን ወጥቶ እንደተመለሰ ባያውቁ ይመረጣል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ፒ ቫልዩ (ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን የሚመዝነው ቁጥር) ላይ አትጨነቅ፣ የሁለት ሶስት ዙር አጠራቅምና ልዩነቱን ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ልዩነት ሊሆን ከሚችልበት ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ወሰን ጋር) አሳይ። ትንታኔህም ሊታይበት የሚገባው አሃድ ቡድኑ ነው እንጂ እያንዳንዱ ተማሪ አይደለም። ልታሳትመው ካሰብክ የስነምግባር ፈቃዱን አስቀድመህ ጨርስ።

መልስ፦ ሚድዋይፍ፣ ጤና ጣቢያ

እኛንም ጠይቁን እንጂ! ተማሪ ይመጣል ይሄዳል፣ እኛ ምን እንዳየን የጠየቀን የለም። አብረን የምናድረው እኛ ነን፣ የትኛው ቡድን ተደማምጦ እንደሚሰራ እናውቃለን። ሱፐርቫይዘር ደግሞ ከአንድ ዲፓርትመንት ብቻ ሲመጣ የራሱን ልጆች ብቻ ያናግራል፣ ሌሎቹ ይቆማሉ። ከሁለት ሙያ ሁለት ሱፐርቫይዘር አንድ ላይ ይምጣ። የቡድን መሪነቱም ሁሌ ለሜዲስን አይሁን፣ በየሳምንቱ ይዙር፣ ላብራቶሪውም ይምራ። የታካሚን አስታማሚ እንኳ "መድሃኒቱን ማን ነገራችሁ፣ የነገሯችሁ ነገር ይጋጫል ወይ" ብትሉ ብዙ ይነግራችኋል።

መልስ፦ ሲስተር፣ የነርሲንግ መምህርት

ሚድዋይፏ ያለችው መሪነትን ማዞሩና ጥምር ሱፐርቪዥኑ ወሳኝ ነው። ግሬዱ ላይ፣ ከውጤቱ የተወሰነው ለቡድኑ በጋራ ይሰጥ፣ ለሁሉም ዲፓርትመንት አንድ መመዘኛ ቅጽ ይሁን፣ አብሮ መስራት ነጥብ ከሌለው ተማሪው ጊዜውን ለዲፓርትመንቱ ሎግቡክ ነው የሚሰጠው። ሰነፉ እንዳይደበቅ እርስ በርስ መገማገሚያ ጨምሩበት። ይሄን በሪቪው ስብሰባ ስታቀርብ እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ ታሪኩን ንገረው፣ ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የህብረተሰብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ኮሙኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) አንድ ላይ ያሰለጠናቸው ጤና ጣቢያውን አብረው ስለሚመሩት ነው፣ ጅማም በ1983 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ህብረተሰቡ ውስጥ ገብቶ መማርን መሰረት አድርጎ ነው።

ጠያቂው፦

ሲስተር ተባረኪ። ለቀጣዩ ዙር ጥምር ሱፐርቪዥን፣ የሚዞር መሪነትና አንድ የጋራ መመዘኛ ቅጽ ለዲፓርትመንቶቹ አቀርባለሁ፣ ሲሙሌሽኑን ለሁለቱ ዙሮች እናደርጋለን። የምልከታ ቼክሊስት የሰራችሁ ካላችሁ ቅጹን እዚሁ ለጥፉልኝ፣ በተለይ በአማርኛ የተዘጋጀ ካለ።