ታናሽ ወንድሜ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ለመደብኝ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ? ወንድሜ 17 አመቱ ነው፣ ባለፈው ዩኒፎርሙን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ ቬፕ አገኘሁ፣ እኔማ መጀመሪያ ፍላሽ መስሎኝ ነበር፣ ማንጎ ማንጎ ሲሸተኝ ነው የነቃሁት። ስጠይቀው ፍሌቨር ያለው እንፋሎት ነው እንጂ ሲጋራ አይደለም ይለኛል፣ ጎኑ ላይ ግን ኒኮቲን 5% ተብሎ ተፅፏል! አእምሮ ደግሞ እስከ 25 አመት አካባቢ ስለሚያድግ በዚ እድሜ ሱሱ ቶሎ ነው ሚይዘው። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 እኮ መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክሏል፣ እሱ ግን በቴሌግራም አዞ በሞተር ያመጡለታል። ነጥቄው ሁለት ቀን ሲቆይ ተነጫነጨ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ራሱንም አመመው። ለእማዬ እንዳልነግራት ደም ግፊት አለባት። ልጅ ያስተወ ሰው ካለ እንዴት አረጋችሁ? የኒኮቲን ማስቲካ በዚ እድሜ ይሰጣል ወይስ መጀመሪያ ሀኪም ጋ ልውሰደው?